ማይሎማ፦ ተራ ስንጠብቅ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐኪም አይደለሁም። ጋሼን፣ አጎቴን ማለቴ ነው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ከፒያሳ ጥቁር አንበሳ ያመላለስኩ ሰው ነኝ። ጋሼ ልብስ ሰፊ ናቸው። በሽታቸው ማይሎማ ይባላል። አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ተራ ስንጠብቅ አጠገባችን የሚቀመጠው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ይጠይቀናል። መጀመሪያ ላይ እኛም ጠያቂ ነበርን፤ አሁን መላሽ ሆነናል። እዚህ ያሰፈርኩት ያንኑ ነው፤ ከሐኪሞቹ የሰማሁትን፣ ያነበብኩትንና በዓይኔ ያየሁትን። መድኃኒት መጀመር፣ ማቆምና መጠን መቀየር ግን የሐኪማችሁ ሥራ ነው። እኔ እዚያ ውስጥ የለሁበትም።

ማይሎማ ምንድን ነው?

የካንሰር ዓይነት ነው። የሚነሳው ከመቅኔ ነው። ቅልጥም ሲቀቀል የምንመጠው ያ ለስላሳ ነገር መቅኔ ነው፤ ደማችን የሚሠራውም እዚያ ነው። መቅኔ ውስጥ ፕላዝማ ሴል የሚባል የነጭ የደም ሴል ዓይነት አለ። ሥራው ከጀርም የሚከላከሉልንን ፕሮቲኖች፣ ፀረ እንግዳ አካላት የሚባሉትን፣ ማምረት ነው። በጤነኛ ሰው መቅኔ ውስጥ ከመቶ አምስት አይሞላም። እያንዳንዱም የየራሱን ዓይነት ያመርታል።

ማይሎማ የሚጀምረው አንዱ ፕላዝማ ሴል ሲበላሽና ራሱን ሲያባዛ ነው። የተባዙት ሁሉ አንድ ዓይነት ፕሮቲን ብቻ ያመርታሉ፤ ለምንም የማይጠቅም። ሐኪሞቹ ኤም ፕሮቲን ይሉታል።

ጋሼ ይህን በራሳቸው መንገድ ነው የሚያስረዱት። «ሱቁ ውስጥ አንዱ ልጅ አበደ እንበል። ቀኑን ሙሉ የግራ እጅጌ ብቻ ይሰፋል። ቀኝ የለ፣ ኮሌታ የለ። እጅጌው ሱቁን ሞላው፤ ቁልፍ የሚተክለው መቀመጫ አጣ፣ በካውያ የሚተኩሰው መቆሚያ አጣ።» ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አልሰማሁም።

የአጥንት ካንሰር ነው ወይስ የደም?

የደም። አጥንት ይጎዳል እንጂ ከአጥንት አይነሳም። ስለዚህ ዋናው ሐኪማችሁ የደም በሽታዎች ስፔሻሊስት፣ ሄማቶሎጂስት ነው። ሌላ ቦታ የጀመረ ካንሰር ወደ አጥንት ሲሄድ ያ ሌላ በሽታ ነው፤ ሕክምናውም ሌላ ነው።

ሰውነት ላይ ምን ያደርጋል?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ።

ከአጥንት እንጀምር። አጥንታችን ቤት ሆኖ የቆመ ይመስለናል እንጂ በየቀኑ ይፈርሳል፣ በየቀኑ ይሠራል። አፍራሽ ሴል አለ፣ ገንቢ ሴል አለ። ማይሎማ አፍራሹን ያቻኩለዋል፣ ገንቢውን ያስተኛዋል። ከጊዜ በኋላ አጥንቱ ውስጥ ጉድጓድ ይወጣል። የጀርባ አጥንት፣ የጎድን አጥንት፣ ዳሌ፣ ራስ ቅልና የጭን አጥንት ላይ ይበዛል። በሽታው ሲታወቅ ከአምስት ታማሚ የአራቱ ያህል አጥንት ተነክቶ ይገኛል። ጋሼ 20 ሊትር የውኃ ጀሪካን ሲያነሱ ወገባቸው «ቀጭ» አለ። ድምፁን እኔም ከበሩ ላይ ሰምቼዋለሁ። ጀሪካኑ ከባድ ስለሆነ አልነበረም፤ የጀርባ አጥንታቸው አንዱ ቀድሞ አልቆ ነበር።

ከሚፈርሰው አጥንት ካልሲየም ወደ ደም ይፈስሳል። ሲበዛ ሰውየው ይጠማዋል፣ ቶሎ ቶሎ ይሸናል፣ ሆድ ይደርቅበታል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ይደነዝዛል። ቤተሰብ «አረጁ በቃ» ይላል። ጋሼ የአንዱን ደንበኛ ወገብ ከሌላው ቁመት ጋር ጽፈው ሱሪ ቆረጡ፤ በአርባ ዓመት የሥራ ዘመናቸው እንዲህ አድርገው አያውቁም። እኛ ሳቅን። ካልሲየማቸው ነበር።

ቀጥሎ ደም። ሱቁ በእጅጌ ስለሞላ ቀይ የደም ሴል የሚሠራበት ቦታ ይጠባል። ከአራት ታማሚ ሦስቱ ያህል ገና በሽታው ሲታወቅ ደም ማነስ አላቸው። የፒያሳን ዳገት ሳያርፉ መውጣት ያቅታል። አንድ ነገር ልጨምር፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የሚኖር ጤነኛ ሰው ሄሞግሎቢኑ፣ ኦክስጅን የሚሸከመው የቀይ ደም ሴል ክፍል፣ ከቆላ ሰው ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ እዚህ 10 የሆነ ሄሞግሎቢን ወረቀቱ ላይ ከሚመስለው የባሰ ማነስ ሊሆን ይችላል። የአይረን ክኒን ለወራት ተውጦ ደሙ ፈቀቅ ካላለ፣ ክኒኑን ከመድገም «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ከዚያ ኩላሊት። ከሚመረተው ፕሮቲን ትናንሾቹ ቁርጥራጮች፣ ቀላል ሰንሰለት የሚባሉት፣ በደም አልፈው ኩላሊት ይደርሳሉ። የኩላሊትን ቀጫጭን ቱቦዎች ይዘጋሉ። ከፍ ያለው ካልሲየምም ያግዛቸዋል። አንዳንዱ ሰው ማይሎማ እንዳለበት የሚያውቀው ለኩላሊት እጥበት ከተላከ በኋላ ነው።

ኢንፌክሽን ደግሞ አለ። ፕሮቲኑ ብዙ ነው፤ ሠራተኛ ግን የለበትም። ስለዚህ የሳንባ ምች ይደጋግማል።

አያችሁ ችግሩን? ወገቡ አጥንት ሐኪም ጋ ይሄዳል። ደም ማነሱ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ኩላሊቱ ሌላ ክሊኒክ፣ ሳሉ ሌላ ክሊኒክ። አራቱ ወረቀት አንድ ጠረጴዛ ላይ ሳይገናኝ ዓመት ይሞላል። የጋሼ 11 ወር ፈጅቷል።

ታዲያ ወገቡን ያመመው ሰው ሁሉ ይህን ይጠርጥር?

አይደለም። የወገብ ሕመም እንደ ጉንፋን ነው፤ አብዛኛው የጡንቻ ነው፣ በሳምንታት ይሻለዋል። ማይሎማ ከዚያ ጋር ሲተያይ ብርቅ ነው። ግን አንዳንድ ነገሮች ሲገጣጠሙ ዝም አይባልም፦ ዕድሜ ከ50 በላይ፣ ሕመሙ ከወር በላይ፣ ሌሊት ወይም ሲገላበጡ መባስ፣ ከዚያ ላይ ደም ማነስ ወይም የክሪያቲኒን (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚበዛ ቆሻሻ) መጨመር ወይም ያልታሰበ ክሳት።

እኛ አገር ሌላም የሚያምታታ አለ። የአከርካሪ ቲቢ አለ፣ ከከብትና ከጥሬ ወተት የሚይዝ ብሩሴላ አለ፣ ዲስክ አለ። ሁሉም ወገብ ያማሉ። ሐኪም ቲቢ ብሎ ቢጀምር አይገርምም፤ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። መድኃኒቱ ተወስዶ ለውጥ ከሌለ ግን ተመልሶ መጠየቅ ነው። «ብርድ ነው» ብሎ ዓመት መቀመጥ ግን ልክ አይደለም።

ወጌሻ ጋ ብንሄድስ?

እኛ ሄደናል። ወጌሻው ደግ ሰው ናቸው፤ ስንት የተወለቀ ትከሻ መልሰዋል። ግን ጉድጓድ ያለበት አጥንት ሲታሽና ሲጎተት ሊሰበር ይችላል፤ የጀርባ አጥንት ከሆነም ኅብለ ሰረሰር ሊጫን ይችላል። የጋሼ ሕመም ከመታሸቱ በኋላ ነው የባሰው። በወጌሻው አልፈርድም፤ በእጅ ዳስሶ ይህን የሚያውቅ የለም። ከ50 በላይ የሆነ ሰው የማይለቅ የአጥንት ሕመም ካለው፣ ከእሽቱ በፊት ኤክስሬይና የደም ምርመራ ይቅደም ነው የምለው።

የወገብ መርፌስ?

ዲክሎፌናክን ማለታችሁ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆጣ ልበል። ከተማችን ውስጥ «ወገቤን» ያለ ሰው ዲክሎፌናክ ሳይወጋ የሚወጣበት ክሊኒክ ማግኘት ከባድ ነው። አንድ ክሊኒክ፣ ስሙን አልጠራም፣ ለጋሼ በሁለት ወር ውስጥ አሥራ ምናምን መርፌ ወግቷቸዋል። ክሪያቲኒን ግን አንድም ቀን አልለካም። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና መሰሎቻቸው ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። ማይሎማ ያለበት ኩላሊት ደግሞ ቀድሞም ተጨናንቋል። ሕመሙ ለስድስት ሰዓት ጋብ ይላል፤ ኩላሊቱ ይከፍላል።

ማይሎማ ያለበት ሰው ሕመም ሲሰማው ፓራሲታሞል ይቻላል፤ ካልበቃ ሐኪሙ ትራማዶል ወይም ሞርፊን ያዛል። ሞርፊን ሲባል «አለቀላቸው» የሚል ሰው አይጠፋም። አላለቀላቸውም፤ አጥንት ስለሚያም ነው። ለሲቲ ስካን በደም ሥር የሚሰጠው ቀለምም ኩላሊትን ሊያስቸግር ስለሚችል፣ ከምርመራው በፊት «ማይሎማ አለባቸው» ማለትን አትርሱ።

በየትኛው ምርመራ ነው የሚታወቀው?

በአንዱ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ተራው ይሠራል፦ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ ክሪያቲኒን፣ ካልሲየም፣ አልቡሚን (ከደም ፕሮቲኖች ብዙው)፣ ጠቅላላ ፕሮቲን። ኢኤስአር፣ ቀይ የደም ሴል የሚዘቅጥበት ፍጥነት፣ ከ100 በላይ ሲወጣ ጥሩ ሐኪም ቅንድቡ ይነሳል። ጠቅላላ ፕሮቲን ከፍ ብሎ አልቡሚን ዝቅ ካለም እንደዚያው።

ከዚያ ኤም ፕሮቲኑን የሚፈልጉት ምርመራዎች ይመጣሉ። የደም ፕሮቲን ኤሌክትሮፎሬሲስ ይባላል፤ ፕሮቲኖቹን በኤሌክትሪክ ይለያያቸዋል። የጤነኛ ሰው ግራፍ ወደ መጨረሻው እንደ እንጦጦ ሸንተረር ዝርግ ብሎ ይወርዳል። የማይሎማ ግን እዚያው መጨረሻው ላይ ቀጥ ያለ ሹል ተራራ ይተክላል። ኢሚዩኖፊክሴሽን ዓይነቱን ይለያል። የቀላል ሰንሰለት ልኬትም አለ። እነዚህን ሁሉም ላቦራቶሪ አይሠራቸውም። አንዳንዱ ናሙና ተቀብሎ ውጭ አገር ይልካል፤ ውጤቱ ቀናት ይፈጃል፣ ዋጋውም ይለያያል። ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁ።

የሽንት ነገር ደግሞ ወጥመድ አለው። ሽንት ውስጥ ነክረው የሚያዩዋት ባለቀለም ወረቀት የምታየው አልቡሚንን ነው። የማይሎማን ቀላል ሰንሰለት አታየውም። «ሽንትዎ ንጹሕ ነው» ተብሎ መሸኘት የሚመጣው ከዚህ ነው። ይህ ፕሮቲን በ1840ዎቹ (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ውስጥ ሽንት ሲሞቅ ረግቶ ሲፈላ ደግሞ ተመልሶ ሲሟሟ የታየ ነው፤ ያጠናው ሐኪም ሄንሪ ቤንስ ጆንስ ስለነበር እስካሁን በስሙ ይጠራል።

በትክክል ለማወቅ የ24 ሰዓት ሽንት ይሰበሰባል። የጠዋቱ የመጀመሪያው ይደፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ የነገው ጠዋት ጨምሮ፣ አንድ ዕቃ ውስጥ ይገባል። እኛ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን አጥበን ልንጠቀም ስንል ላቦራቶሪው የራሱን ዕቃ ሰጠን፤ እናንተም መጀመሪያ ጠይቁ። ጋሼ ዕቃውን በጥቁር ፌስታል ጠቅልለው ሚኒባስ ውስጥ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ረዳቱ «አባባ፣ ዕቃውን ከኋላ ላድርግልዎ?» አላቸው። «ተወው ልጄ፣ ውድ ነው» አሉት።

አጥንት ደግሞ ይነሳል። ኤክስሬይ ጉድጓዱን የሚያሳየው ከአጥንቱ ሲሶ ያህል ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ «ኤክስሬዩ ደህና ነው» ማለት አጥንቱ ደህና ነው ማለት ላይሆን ይችላል። ሲቲና ኤምአርአይ ቀድመው ያያሉ። ነርቭ ተነክቶ ከሆነ ኤምአርአይ ነው።

መቅኔ መውሰድ ያማል?

ያማል። አጭር ነው ግን። ከወገብ በታች ከኋላ ባለው የዳሌ አጥንት በኩል ነው፤ ኅብለ ሰረሰር አጠገብ አይደርስም። በማደንዘዣ ቆዳውንና የአጥንቱን ሽፋን ያደነዝዙታል። መርፌው ሲገባ ግፊት ይሰማል። ፈሳሹ በሲሪንጅ ሲሳብ ግን ለጥቂት ሴኮንድ ከእግር ጣት ድረስ የሚጎትት ሕመም አለ፤ እሱን ማደንዘዣ አያስቀረውም። ጋሼ በጎናቸው ተኝተው ትራሱን ጨበጡ፣ «እሰይ» አሉ፣ አለቀ። ለምን እሰይ እንዳሉ እሳቸውም አያውቁም። በማግስቱ ሱቅ ነበሩ።

ከተወሰደው ውስጥ ፕላዝማ ሴሉ 10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ፣ ከጎኑ ደግሞ የካልሲየም፣ የኩላሊት፣ የደም ወይም የአጥንት ጉዳት ካለ ማይሎማ ነው ይባላል። 60 በመቶ ከደረሰ ጉዳቱ ባይታይም ሕክምና ይጀመራል።

«ፕሮቲኑ አለ፣ ግን ማይሎማ አይደለም» ተባልን። ምን ማለት ነው?

ሰው ምንም ሳይሰማው ትንሽ ኤም ፕሮቲን ሊኖረው ይችላል። ኤም ጂ ዩ ኤስ ይሉታል። ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች 3 በመቶ ያህሉ ላይ ይገኛል። ወደ ማይሎማ ወይም ወደ ተዛማጅ በሽታ የሚሸጋገረው በዓመት ከመቶ አንዱ ነው። መድኃኒት የለውም፤ አያስፈልገውምም። ክትትል ብቻ። በመካከል ደግሞ የሚጨስ ማይሎማ የሚሉት አለ፤ ፍም በአመድ እንደተዳፈነ ማለት ነው። እሱ ቶሎ ሊነሳ ስለሚችል ቀጠሮው ይቀራረባል።

ደረጃው ስንት ነው? ይተላለፋል? በዘር ይመጣል?

ደረጃው ከአንድ እስከ ሦስት ነው። በሁለት የደም ምርመራዎች፣ በአልቡሚንና በቤታ 2 ማይክሮግሎቡሊን፣ ይወጣል። ሦስት ማለት «ሕክምና የለም» ማለት አይደለም። አይተላለፍም፤ አብሮ መብላት፣ ማቀፍ፣ መተኛት ይቻላል። የቅርብ ዘመድ ያለበት ሰው ዕድሉ ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ ከአባት ወደ ልጅ በቀጥታ የሚወርድ አይደለም። ዕድሜ ዋናው ነው፤ ወንዶች ላይ በትንሹ ይበዛል። በአሜሪካ ጥቁሮች ላይ ከነጮች በእጥፍ ያህል እንደሚታይ ይታወቃል። እርግማንም ቡዳም አይደለም።

ይድናል?

በቀጥታ ልመልስ። በአብዛኛው ጨርሶ አይጠፋም። ይተኛል፣ ይነሳል፣ እንደገና ይታከማል። ከስኳርና ከደም ግፊት ጋር እንደሚኖሩት አብረውት የሚኖሩት ሰዎች አሉ። በአሜሪካ በሽታው ከተገኘባቸው አሥር ሰዎች ስድስቱ ያህል አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። እዚያ ያለው መድኃኒት ሁሉ እዚህ የለም፣ ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ አንቅዳው። ግን «ስድስት ወር አላቸው» የሚል ጎረቤት ካጋጠማችሁ ቡናውን ጠጥታችሁ ውጡ።

ሕክምናው ምንድን ነው?

አንድ ክኒን አይደለም፤ ቅንብር ነው። አሁን በዓለም የተለመደው ሦስት ወይም አራት መድኃኒት ማጣመር ነው። ቦርቴዞሚብ በ2003 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ሆድ ወይም ጭን ላይ ከቆዳ ሥር የሚወጋ ነው። ሌናሊዶማይድ በ2006 ለማይሎማ የተፈቀደ እንክብል ነው። ዴክሳሜታሶን የስቴሮይድ ዓይነት ነው፤ ርካሽ ነው፣ ብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ይወሰዳል። ዳራቱሙማብ በ2015 መጣ፤ ውድ ነው። ሌናሊዶማይድ ካልተቻለ ሳይክሎፎስፋማይድ ወይም ታሊዶማይድ ይገባል። ሜልፋላንና ፕሬድኒሶሎንም ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያሉ ናቸው፤ ዛሬም አልጠፉም። ሐኪሙ የሚመርጠው በኩላሊት፣ በዕድሜ፣ በአቅምና ገበያ ላይ ባለው ነው።

ገበያው ላይ ያለው ብዙው ከህንድ የሚመጣ ጄኔሪክ፣ የዋናው መድኃኒት አቻ፣ ነው። መድኃኒቱ አንዳንዴ ይጠፋል። እኛ ከቀጠሮው አንድ ሳምንት ቀድመን ነው መጠየቅ የምንጀምረው፤ መጀመሪያ የሆስፒታሉን ፋርማሲ፣ ቀጥሎ የከነማንና የቀይ መስቀልን ፋርማሲዎች፣ ከዚያ የግሎቹን። ሻንጣ ይዞ ከመጣ ሰው አትግዙ። ቦርቴዞሚብ በአግባቡ ያልተቀመጠ ከሆነ ገንዘባችሁን ውኃ ውስጥ ጣላችሁት ማለት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ ሪፈሩ ከጤና ጣቢያ መጀመሩን አረጋግጡ። ያለ ሪፈር ሄዶ መመለስ ያናድዳል።

አጥንትን የሚያጠናክር ዞሌድሮኒክ አሲድ የሚባል በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒትም አለ። ከመጀመሩ በፊት ጥርሳችሁን አሳዩ። መነቀል ያለበት ጥርስ ቀድሞ ይነቀል፤ መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ መንጋጋ ሊያስቸግር ይችላል። አንድ ቦታ ለይቶ የሚያም አጥንት ካለ ጨረር ይረዳል። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ቦታ ስለነበር ወረፋው የታወቀ ነው።

መድኃኒቶቹ ምን ያመጣሉ?

ዴክሳ እንቅልፍ ይነሳል፣ ስኳር ይጨምራል። በጠዋት ከምግብ ጋር መውሰድ ይሻላል። ጋሼ ዴክሳ የወሰዱ ቀን ሌሊቱን ሙሉ ሲንጀሩን ሲነዱ ያድራሉ፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይወድቃሉ። ጎረቤት ለምዶታል።

ቦርቴዞሚብ የእጅና የእግር ነርቭ ይነካል። መደንዘዝ፣ መጠዝጠዝ፣ ማቃጠል። አንድ ቀን የጋሼን ነጭ ሸሚዝ ጨርቅ ላይ የደም ጠብታ አየሁ። ጣታቸውን መርፌ ወግቷቸዋል፤ አላወቁም። ለአንድ ልብስ ሰፊ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ለሐኪሙ ለመንገር ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው፤ መድኃኒቱን ይከለክሉኛል ብለው ፈርተው። አልከለከሏቸውም። መጠኑን ቀንሰው በሳምንት አንዴ አደረጉት፣ ስሜቱም ቀስ በቀስ ተመለሰ። ቶሎ ተናገሩ፤ ቆይቶ ከሆነ ላይመለስ ይችላል።

ይኸው መድኃኒት አልማዝ ባለጭራን ሊቀሰቅስ ስለሚችል አሲክሎቪር አብሮ ይታዘዛል። «ቫይረስ የለብኝ፣ ለምን?» ብላችሁ እንዳትተዉት።

ሌናሊዶማይድና ታሊዶማይድ ደም ያረጋሉ። አንድ እግር ብቻ ካበጠ ወይም ትንፋሽ በድንገት ካጠረ ወዲያውኑ ሐኪም ዘንድ። ለዚህ ነው አስፕሪን የሚጨመረው። ደግሞ እርግዝና ላይ በፍጹም። ታሊዶማይድ በ1950ዎቹ መጨረሻ ለእንቅልፍ ሲሸጥ ብዙ ሕፃናት እጅና እግር ሳይኖራቸው ተወልደው በ1961 ከገበያ የተነሳ መድኃኒት ነው፤ ለማይሎማ የተመለሰው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። እንክብሉን አትክፈቱት። ልታረግዝ የምትችል ሴት ባትነካው ይመረጣል።

የመቅኔ ንቅለ ተከላ ያስፈልገናል?

ለማይሎማ በብዛት የሚደረገው ከሌላ ሰው የሚወሰድ አይደለም። ከራሱ ከታማሚው ደም ስቴም ሴል፣ ሌሎቹ የደም ሴሎች የሚወለዱበት፣ ተሰብስቦ ይቀመጣል፤ ከዚያ ከፍተኛ መጠን ያለው ሜልፋላን ይሰጥና ሴሉ ይመለስለታል። በሽታው ተኝቶ የሚቆይበትን ጊዜ ያራዝማል፤ አያድንም። አቅም ያለው ከእኛ አገር ብዙውን ጊዜ ወደ ህንድ ይሄዳል። ቤት ከመሸጣችሁ በፊት ሐኪሙን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ለእሳቸው፣ በዚህ ዕድሜና በዚህ ኩላሊት፣ ምን ይጨምርላቸዋል? ከዚያ በኋላ የሚወሰደውን መድኃኒትስ እንዘልቀዋለን?» ወንድሞቼ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀምረው ነበር። ጋሼ 71 ዓመታቸው ነው፤ ሐኪሙም እሳቸውም አልፈለጉትም።

ጾም፣ ጸበል፣ ሽፈራው?

ውኃ ማይሎማ ላለበት ሰው ኩላሊት መድኃኒት ነው። ኩላሊቱ ውስጥ ያለውን እጅጌ የሚያጥበው እሱ ነው። ሐኪም ካልከለከለ በቀን እስከ ሦስት ሊትር። ስለዚህ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፍን ሳያርሱ መዋል ለዚህ ሰው አደጋ ነው። ጋሼ እምቢ አሉ። የንስሐ አባታቸውን ቤት ድረስ ጠራናቸው፤ «ሕመምተኛ ነህ፣ ጠጣ፣ ይህ ትእዛዝ ነው» አሏቸው። ከእኛ ይልቅ እሳቸውን ሰሙ። ሙስሊም ከሆናችሁም ረመዳን ላይ ለታመመ ፈቃድ እንዳለ ታውቃላችሁ። ከሥጋና ከወተት መጾሙ ግን ምስርና ሽሮ እስካለ ድረስ ብዙም አያሳስብም።

ጸበል መሄድ እምነት ነው፤ አልከራከርም። መድኃኒት አቁሙ የሚል ካለ ግን እከራከራለሁ። ተቅማጥና ትውከት እስኪመጣ መጠጣትም ውኃ ያሳጣል እንጂ አይሰጥም። ሽፈራውን፣ ፌጦውን፣ ባለስሙንም ባለስም የለሹንም ቅጠል ከመጀመራችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩት። የተቀመመ ነገር ኩላሊትንና ጉበትን ሊነካ ይችላል፤ ሐኪሙ ደግሞ ጥፋቱን ኬሞው፣ የካንሰሩ መድኃኒት፣ ላይ ያደርገዋል።

ለታማሚው ይነገር ወይ?

እኛ ደብቀን ነበር። «ደም ማነስ ነው» አልናቸው። ሐኪሟን ከበር ውጭ ለመንናት። አራት ወር ቆየን። ጋሼ አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ ቆመው የተለጠፈውን ጽሑፍ ጮክ ብለው አነበቡ፦ «ካንሰር ሕክምና ክፍል። ደም ማነስ እዚህ ነው የሚታከመው?» አሉን። ሁላችንም መሬት መሬት አየን።

ያዘኑት በበሽታው አልነበረም፤ ሱቁን ለማን እንደሚተዉ ሳያስቡ አራት ወር በማለፉ ነበር። የኔ ፍርድ፦ ንገሯቸው። እንደ መርዶ በአንድ ጊዜ አይሁን። መጀመሪያ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ ጠይቋቸው፤ ሐኪሙ ባለበት፣ ቁጭ ብላችሁ። ነርቭ የሚያደነዝዝ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ ምን እንደሆነ ካላወቀ ጣቱ ሲደነዝዝ እንዴት ይናገራል?

ቀጠሮ ሳንጠብቅ መሄድ ያለብን መቼ ነው?

እግር ከከዳ፣ ወይም ከወገብ በታች ከደነዘዘ፣ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ በዚያው ሰዓት። የጀርባ አጥንት ኅብለ ሰረሰሩን ተጭኖት ይሆናል፤ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ትኩሳት 38 ከደረሰ፣ በተለይ ኬሞ ላይ ከሆኑ፣ ሌሊትም ቢሆን። ሽንት ከቀነሰ። ከተደናበሩ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ማይሎማ አለባቸው» ይሁን። «ወገባቸውን አሟቸዋል» ካላችሁ ዲክሎፌናክ ይዘው ይመጣሉ።

ለቀጠሮ ስንሄድ ምን እንያዝ?

ሁሉንም። የመጀመሪያውን ሲቢሲ ጭምር። ሐኪም ይቀያየራል፣ ካርድ ይጠፋል፣ ኮምፒውተር ይቋረጣል። እናንተ ጋ ያለው ወረቀት አይጠፋም። እኛ ደብተር ላይ አምስት መስመር ብቻ አስምረናል፦ ቀን፣ ሄሞግሎቢን፣ ክሪያቲኒን፣ ካልሲየም፣ ኤም ፕሮቲን። አንዲት ወጣት ሐኪም ደብተሩን አይታ ካርዱን ሳትገልጥ መድኃኒቱን አስተካከለች።

መጀመሪያ ወረቀቱን በፌስታል ነበር የምንይዘው፤ ዝናብ ገባበት። ጋሼ ከኮት ገበር ትርፍራፊ ቦርሳ ሰፉለት። ሦስት ኪስ አለው፤ ለደም፣ ለሽንት፣ ለአጥንት። የኤክስሬይ ፊልሙ እንዳይታጠፍ የሦስተኛውን ወርድ ሰፋ አድርገውታል።